መጽሐፉ ሳለ «የለም» እንዳይባል

(ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትና ስለ ኮምፒዩተር ካታሎግ በሬዲዮ የተሰማ ንግግር)

ለዛሬ የመረጥነው ርእስ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል፣ ነገር ግን የብዙ ሕፃናትን ዕውቀት የሚነካ ጉዳይ ነው። ይኸውም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያሉትን መጻሕፍት በኮምፒዩተር መዝግቦ፣ ፈላጊው ሁሉ በቀላሉ እንዲያገኛቸው ስለ ማድረግ ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በየመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ የምትይዙ፣ ፋይል የምታስፈልጉና የምትፈልጉ ስለ ሆናችሁ፣ «ፋይሉ ጠፋ» ማለትና «ፋይሉ ያለበት አልታወቀም» ማለት ለባለጉዳዩ አንድ እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። በቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ነው። አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ንብ የሚናገር መጽሐፍ ቢጠይቅና መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ ሳለ «የለም» ተብሎ ቢመለስ፣ ለዚያ ልጅ መጽሐፉ እንዳልተጻፈ፣ እንዳልታተመ፣ እንዳልተገዛም ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ «የለም» የተባለ ልጅ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ እግሩ አይነሣም።

ስለዚህ ካታሎግ ምን እንደ ሆነ፣ ኮምፒዩተር በዚህ ሥራ ላይ ምን እንደሚጨምር፣ በፊደላችንና በስማችን ጠባይ ምክንያት ምን ችግር እንደሚገጥም፣ ትምህርት ቤቱም ሥራውን በምን ተራ ቢጀምር እንደሚበጅ ቀጥለን እናስረዳለን።

ካታሎግ ማለት ምንድን ነው?

ካታሎግ ማለት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ያሉት መጻሕፍት በየርእሳቸው፣ በየደራሲያቸውና በሚናገሩበት ነገር ተዘርዝረው፣ እያንዳንዱ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚገኝ የሚያመለክት መዝገብ ነው። ከንብረት መዝገብ ጋር ግን አንድ አይደለም። የንብረት መዝገብ «ይህን ያህል መጽሐፍ ገብቷል» ብሎ ለተቆጣጣሪ ይናገራል፤ ካታሎግ ግን «የምትፈልገው እዚህ አለልህ» ብሎ ለአንባቢ ይናገራል። የመጀመሪያው በሞዴል 19 ተደግፎ በጥንቃቄ ተይዞ ሳለ፣ ሁለተኛው ፈጽሞ ሳይኖር የሚቀርበት ጊዜ አለ። እንዲህ በሆነ ጊዜ መጽሐፉ ለኦዲተር ይታያል፤ ለሕፃኑ ግን አይታይም።

የካታሎግ ታሪክ ረዥም ነው፤ ከእርሱም ጥቂቱን ብቻ እንጠቅሳለን። ፈረንሳዮች ከአብዮታቸው በኋላ ከገዳማትና ከመኳንንት የተወረሱትን መጻሕፍት ለመመዝገብ በተነሡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1791 መግለጫው በመጫወቻ ካርታ ላይ እንዲጻፍ አዘዙ፤ በዚያን ጊዜ የካርታው ጀርባ ባዶ ነበርና። የካርድ ጥቅም በተጠረዘ መዝገብ ላይ የማይገኝ ነው። በተጠረዘው መዝገብ አዲስ የመጣው መጽሐፍ ከመጨረሻው ገጽ ላይ ይጻፋል፤ ካርድ ግን በፊደል ተራው መካከል ገብቶ ቦታውን ይይዛል። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1876 አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ የዕውቀትን ዘርፎች ሁሉ በ10 ታላላቅ ክፍሎች መድቦ ከ000 እስከ 999 በሚደርስ ቁጥር የሚጠራበትን ሥርዓት አሳተመ። በዚህ ሥርዓት የእንስሳት ነገር በ590፣ ተረት በ398.2፣ የኢትዮጵያ ታሪክ በ963 ይገኛል። ዛሬም በብዙ ትምህርት ቤቶች በመጽሐፍ ጀርባ ላይ ተለጥፎ የሚታየው ቁጥር ይኸው ነው።

ካርዱን ወደ ኮምፒዩተር ያሻገረው ሥራ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዋሺንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሔንሪየት አቭራም የተባለች የኮምፒዩተር ባለሙያ የካርዱን ጽሑፍ እየከፋፈለች ለእያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ሰጠችው፤ ለደራሲው ስም 100፣ ለመጽሐፉ ርእስ 245፣ ለሚናገርበት ነገር 650 እያለ የሚሄድ ነው። ይህ «ማርክ» የሚባለው ሥርዓት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ መጻሕፍት ይሠራበታል። የካርዱም ዘመን እየደበዘዘ ሄዶ፣ ለብዙ ቤተ መጻሕፍት ካርድ እያተመ ይልክ የነበረው ኦሲኤልሲ የተባለው ድርጅት የመጨረሻዎቹን ካርዶች እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2015 አትሞ ሥራውን ዘጋ።

ኮምፒዩተሩ ምን ይጨምራል?

አንድ ካርድ በአንድ ቦታ ብቻ የሚቀመጥ ስለ ሆነ፣ አንድ መጽሐፍ በደራሲው፣ በርእሱና በነገሩ እንዲገኝ ከተፈለገ ቢያንስ ሦስት ካርድ ሊጻፍለት ይገባ ነበር። በኮምፒዩተር ግን አንድ ጊዜ የተጻፈው መግለጫ በሁሉም በኩል ይፈለጋል። ልጁ የደራሲውን ስም ባያውቅ ከርእሱ አንዲት ቃል ያስታውስ ይሆናል፤ ርእሱንም ቢረሳው «ንብ» ብሎ ቢጽፍ ስለ ንብ የተጻፈው ሁሉ ይወጣለታል።

ሁለተኛው ጥቅም፣ መጽሐፉ መኖሩን ብቻ ሳይሆን አሁን የት እንዳለ መናገሩ ነው። ይህ እንዲሆን በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ባርኮድ የሚባለው ባለ ቋሚ መስመር ተለጣፊ ወረቀት ይለጠፋል፤ ማንበቢያው መሣሪያ ብርሃን ሲያበራበት መስመሮቹ የያዙትን ቁጥር ያነባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ላይ ታትሞ የሚመጣው ባርኮድ የመጽሐፉን ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር የያዘ ነው፤ ይህም ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ 13 አኀዝ አለው፤ በኢትዮጵያ ለሚታተሙት ከተመደቡት የአገር መለያዎች አንዱ 99944 ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር በአንድ እትም ቅጂዎች ሁሉ ላይ አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ ከአንድ መጽሐፍ 40 ቅጂ ቢኖረው፣ የትኛው ቅጂ በየትኛው ልጅ እጅ እንዳለ ከዚህ ቁጥር ሊታወቅ አይችልም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ለእያንዳንዱ ቅጂ የራሱን ቁጥር ሰጥቶ የራሱን ባርኮድ መለጠፍ አለበት።

ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ፕሮግራም በብዙ ገንዘብ መግዛት ግዴታ አይደለም። በኒው ዚላንድ ሆሮዌኑዋ በሚባል አውራጃ ያሉ ቤተ መጻሕፍት፣ የቀድሞው ፕሮግራማቸው 2000 ዓመተ ምሕረትን እ.ኤ.አ. መሻገር የማይችል ስለ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 «ኮሃ» የሚባለውን ፕሮግራም አሠርተው በጥር ወር 2000 ሥራ ጀመሩበት። ኮሃ በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፤ እንደ ስሙም ለዓለም ሁሉ ያለ ዋጋ ተሰጠ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ነገር ግን ያለ ዋጋ ተገኘ ማለት ያለ ድካም ተገኘ ማለት አይደለም፤ የሚጭነው፣ የሚጠብቀውና ሲበላሽ የሚያስተካክለው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

በእኛ ፊደልና በእኛ ስም የሚመጡ ሦስት ችግሮች

እስካሁን የተናገርነው በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ግን በተለይ እኛን የሚመለከት በመሆኑ በማስተዋል እንድታነቡት እንለምናለን።

የመጀመሪያው የፊደል ነገር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚህ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው። እኛ በአማርኛ ስናነባቸው ሦስቱም በአንድ ድምፅ ይነገራሉ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ጆሮ የለውምና ሦስት የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ያያቸዋል። በእነዚህ ላይ ራብዖቹ ሃ፣ ሓ እና ኃ ሲጨመሩ ለአንድ ድምፅ ስድስት ጽሕፈት ይገኛል። እንግዲህ አንድ ልጅ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ፣ የመጀመሪያውን ፊደል በሁለት፣ ሁለተኛውን በስድስት መንገድ ሊጽፍ ስለሚችል፣ ቃሉ 12 ዓይነት ጽሕፈት ይኖረዋል። መዝጋቢው ከ12ቱ በአንዱ ጽፎት ልጁ በሌላው ቢፈልገው፣ ኮምፒዩተሩ ያለ አንዳች ሐፍረት «የለም» ይላል።

የሰው ስም ሲሆን ነገሩ ይብሳል። «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉትን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን ስም እንውሰድ። «ሐዲስ» በሚለው ሐ በስድስት፣ ስ በሁለት መንገድ ስለሚጻፍ 12 ይሆናል። «ዓለማየሁ» በሚለው የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ እየተባለ በአራት፣ የመጨረሻው ሁ፣ ሑ፣ ኁ እየተባለ በሦስት መንገድ ስለሚጻፍ ይህም 12 ይሆናል። 12 በ12 ሲባዛ 144 ነው። አንድ ደራሲ በአንድ ካታሎግ ውስጥ 144 ሰው ሆኖ ሊበተን ይችላል ማለት ነው። በእርግጥ ሁሉም ጽሕፈቶች በአንድ ቤት አይገኙም፤ ነገር ግን ሦስቱ ወይም አራቱ እንኳ ቢገኙ ልጁ ከደራሲው መጻሕፍት ግማሹን ሳያይ ይቀራል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው ለመዝጋቢው የሚሰጥ ደንብ ነው፤ ርእሱን በሽፋኑ ላይ እንደ ታተመው አድርጎ ይጻፍ፤ የደራሲውን ስም ግን በአንድ የተወሰነ ጽሕፈት ብቻ ይመዝግብ፤ የጸደቁትም ስሞች በአንድ ዝርዝር ተይዘው በጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ሁለተኛው ለኮምፒዩተሩ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ ባለሙያው ፕሮግራሙን ሲያሰናዳ፣ ለፍለጋ ብቻ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ከነዘሮቻቸው አንድ ሆነው እንዲቆጠሩ ሊያደርግ ይችላል። በመዝገቡ ላይ ያለው ጽሕፈት አይለወጥም፤ ልጁ ግን በየትኛውም ፊደል ቢጽፍ ያገኛል። ይህ ሕፃኑን ለፊደል ግድ የለሽ ያደርገዋል የሚል ሰው ቢኖር፣ መልሳችን ይህ ነው፤ ትክክለኛውን ጽሕፈት የሚማረው ከመጽሐፉ ነውና፣ በመጀመሪያ መጽሐፉ እጁ ይግባ።

ሁለተኛው ችግር የስም አጠራር ነው። በውጭ አገር የተሠራው ፕሮግራም ሁለት ሣጥን አቅርቦ በአንዱ የቤተሰብ ስም፣ በሌላው የራስ ስም እንዲሞላ ይጠይቃል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የምንጠራው የአባታችን ስም ነው። መዝጋቢው ሣጥኑ እንዳዘዘው ቢሞላ «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ተብሎ ይጻፍና አባት በልጁ መጽሐፍ ላይ ደራሲ ሆኖ ይቆማል። በዓለም አቀፍ የቤተ መጻሕፍት ደንብም የኢትዮጵያዊ ስም የሚመዘገበው በራሱ ስም ጀምሮ ነውና፣ በዚህ ረገድ የውጭውን ቅጽ ሳይሆን የራሳችንን ልማድ መከተል ትክክል ነው። ብላቴን ጌታ፣ ደጃዝማች፣ ክቡር ዶክተር የመሳሰሉት ማዕረጎችም በስሙ መጀመሪያ ላይ ከገቡ ሁሉም በማዕረጋቸው ፊደል ተሰልፈው ይቀራሉ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኅሩይ ይፈለጉ እንጂ በብላቴን ጌታ አይፈለጉም። «ወልደ ሥላሴ»ን የመሰለ ጥምር ስምም ተለያይቶ ወይም ተጋጥሞ የሚጻፍ መሆኑ አስቀድሞ ይወሰን።

ሦስተኛው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ላይ 1958 ዓ.ም. ተብሎ የታተመው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 ያለው ዓመት ነው። ያለ ምልክት «1958» ተብሎ ብቻ ቢገባ፣ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ጎን ሲሰለፍ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል። ስለዚህ ሁለቱ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይጻፉ፤ የትኛው የማን እንደ ሆነም ይለይ።

በብዙ አካባቢ ትምህርት ቤቶቻችን ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚማሩ ስለ ሆኑ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍም ሆነ የእንግሊዝኛው በየራሱ ፊደል ይመዝገብ እንጂ በግምት ወደ አማርኛ ፊደል አይገልበጥ። የአገር ቋንቋ መጽሐፍ በጠማማ ጽሕፈት ከተመዘገበ፣ ቋንቋውን የሚናገረው ልጅ ከሁሉ በፊት እርሱ ያጣዋል።

ሥራው በምን ተራ ይጀመር?

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ኮምፒዩተሩ በመጣ ማግስት መጽሐፍ መመዝገብ የጀመረ ትምህርት ቤት ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ሊጀምር ይገደዳል። ስለዚህ የሚከተለውን ተራ እንመክራለን።

አንደኛ፣ መደርደሪያው ይጽዳ። የተቀደደው ይጠገን፤ ገጹ የጎደለውና ዘመኑ ያለፈበት የመማሪያ መጽሐፍ በደንቡ መሠረት ይለይ። ማንም የማያነበውን መጽሐፍ በኮምፒዩተር መመዝገብ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ሁለተኛ፣ ደንቡ በአንድ ገጽ ይጻፍ። ስለ ፊደል፣ ስለ ስም፣ ስለ ዘመንና ስለ መደርደሪያ ቁጥር የተባለው ሁሉ በዚያች ገጽ ላይ ሰፍሮ፣ ርእሰ መምህሩ ፈርመውበት፣ በመዝጋቢው ፊት ይለጠፍ። መዝጋቢው ቢለወጥ እንኳ ደንቡ አይለወጥም።

ሦስተኛ፣ የነገሩ መጠሪያ በሕፃን አነጋገር ይሁን። ስለ ንብ የተጻፈው መጽሐፍ «የግብርና ሳይንስ» ተብሎ ብቻ ከተመዘገበ የአራተኛ ክፍል ልጅ ከየት ያገኘዋል? «ንብ»፣ «ማር»፣ «ቀፎ» የሚሉት ቃላትም ይጨመሩለት። ይህን የሚያውቁት መምህራን ናቸውና ከእነርሱ ጋር ይመከር።

አራተኛ፣ ምዝገባው ሁለት ሁለት ሆኖ ይሠራ፤ አንዱ ያነባል፣ ሌላው ይጽፋል። ለምሳሌ 1,200 መጻሕፍት ቢኖሩና አንዱ መጽሐፍ ከነተለጣፊው 6 ደቂቃ ቢወስድ፣ ሥራው 7,200 ደቂቃ ወይም 120 ሰዓት ይፈጃል፤ በቀን 3 ሰዓት ቢሠራበት 40 ቀን ነው። ዓለም አቀፍ ቁጥር ያላቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መግለጫቸው በኢንተርኔት ተዘጋጅቶ ሊገኝ ስለሚችል ይፈጥናሉ፤ ቁጥር የሌላቸው የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት ግን አንድ በአንድ በእጅ ይጻፋሉ። ስለዚህ ጊዜው ሲታቀድ ለእነርሱ ይታሰብላቸው።

አምስተኛ፣ ቅጂ ይያዝ። በየሳምንቱ መጨረሻ መዝገቡ ወደ ሌላ ማስቀመጫ ተገልብጦ ከዚያ ክፍል ውጭ ይቀመጥ። ኮምፒዩተሩ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ሌላ ይገዛል፤ የ40 ቀኑ ድካም ግን በገበያ አይገኝም። መብራት በሚጠፋበት ቀንም ቤተ መጻሕፍቱ አይዘጋ፤ አንድ ደብተር ተዘጋጅቶ የተማሪው ስምና የመጽሐፉ ቁጥር ይጻፍበትና መብራቱ ሲመጣ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባ።

ስድስተኛ፣ መፈለጊያው ለልጆቹ ይሰጥ። ካታሎጉ በሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ልጁ አሁንም የሰው ፊት እያየ ለመጠየቅ ይገደዳል። አንዱ ኮምፒዩተር በሕፃን ቁመት ልክ ይቀመጥ፤ ልጆቹም መፈለግን እንደ አንድ ትምህርት ይማሩት። ገና ማንበብ ለሚጀምሩት ታናናሾች ደግሞ በመደርደሪያው ላይ የእንስሳ፣ የቤት፣ የኮከብ ሥዕል ይለጠፍላቸው፤ ለእነርሱ ካታሎጉ ሥዕሉ ነው።

ማን ምን እንደ ወሰደ የሚናገረው መዝገብም አደባባይ የሚለጠፍ አይደለም። ልጁ ያነበበውን የሚያውቁት ቤተ መጻሕፍቱና ራሱ ይሁኑ እንጂ መሳቂያ መሳለቂያ አይደረግበት።

በዚህም ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሁለት መቶ መጽሐፍ ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። በጥሩ እጅ የተጻፈ ደብተርና የሚከፈት በር ይበቃዋል፤ ለኮምፒዩተሩ የታሰበውን ገንዘብ መጽሐፍ ይግዛበት።

ስለ ቁልፉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። መጽሐፉ ቢመዘገብም፣ ፊደሉ ቢስተካከልም፣ ቁም ሣጥኑ ተቆልፎ ከዋለ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ቁም ሣጥኑ የሚቆለፈው በክፋት አይደለም። ንብረቱን ፈርሞ የተረከበ ሰው ሲጎድል እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ከደመወዙ እንዳይቆረጥበት ይፈራል። እናንተም በየመሥሪያ ቤታችሁ የፈረማችሁበት ንብረት ያላችሁ ሰዎች ይህን ፍርሃት ታውቁታላችሁ። መጽሐፍ የጠፋበት ሰው ይጠየቃል፤ መጽሐፍ ያልተነበበበት ሰው ግን የሚጠይቀው የለም። ሚዛኑ እንዲህ ሆኖ ሳለ ሠራተኛው ቢቆልፍ ሊፈረድበት አይገባም።

የኮምፒዩተር ካታሎግ ይህን ሚዛን ለማቃናት ይረዳል። መጽሐፉ በማን እጅ እንዳለ፣ መቼ እንደ ወጣ፣ መቼ ሊመለስ እንደሚገባው ስለሚያሳይ፣ ሠራተኛው «ጠፋ» ከማለት ይልቅ «ከአምስተኛ ክፍሉ ተማሪ ዘንድ ነው፣ አርብ ይመልሳል» ለማለት ይችላል። ርእሰ መምህሩም በየመንፈቁ ሁለት ቁጥር ሊጠይቁ ይችላሉ፤ ስንት መጽሐፍ ተነበበ? አንድ ጊዜ እንኳ ያልወጣው የትኛው ነው? ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ኮምፒዩተሩ ብቻውን አይደለም። በማንበብ ያረጀ መጽሐፍ በደንቡ ከመዝገብ እንዲሰረዝና ሠራተኛው በዚያ እንዳይጠየቅ የበላይ ኀላፊዎች አስቀድመው በጽሑፍ ካልፈቀዱ፣ አዲሱ መዝገብ ሁለተኛ ቁልፍ ከመሆን አያልፍም። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ሠራተኛውን ይበልጥ ያስፈራው ይሆናልና።

ኮምፒዩተር የሰጡትን የሚመልስ መሣሪያ ነው። ሥርዓት የሰጠው ሥርዓትን፣ ዝርክርክነትን የሰጠው ዝርክርክነትን በፍጥነት ይመልስለታል። በዚህም ምክንያት ትምህርት ቤቱ የሚያስፈልገው መጀመሪያ ደንብ፣ ቀጥሎ የሚጠብቀው ሰው፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ነው። ተራው ሲገለበጥ ውድ ኮምፒዩተር አቧራ ለብሶ ሲቀመጥ ይታያል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የተማሪ ወላጆች ናችሁ፤ ለወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባም ትጠራላችሁ። በስብሰባው ላይ «ኮምፒዩተር ተገዝቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ የሚሰጠውም መልስ አጭር ነው። ከዚያ ይልቅ እነዚህን ሦስት ነገሮች ጠይቁ። የመመዝገቢያው ደንብ ተጽፏል ወይ? ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቀው ሰው ማን ነው፤ በስንት ሰዓትስ ይከፍታል? ልጄ መጽሐፍ ይዞ ወደ ቤቱ ሊመጣ ይችላል ወይ? በጽሕፈት ሥራ የለመዳችሁትም፣ በ40 ቀኑ ምዝገባ ላይ ሁለት ቅዳሜ ብትሰጡ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ሥራው ሳይታሰብ ይፈጸማል።

ለልጆቻችን መጽሐፍ ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ፍሬ አፈራ የሚባለው መጽሐፉ ግምጃ ቤት በገባበት ቀን ሳይሆን፣ ፈልጎ ባገኘው ልጅ እጅ ላይ በተገለጠበት ቀን ነው። ለዚያ ልጅ «አለ፤ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው» ተብሎ እንዲመለስለት ማድረግ በአቅማችን ያለ ሥራ ነውና፣ እንጀምረው።